የእግረኛ ድልድይ በወሎ ገጠር፦ ከነሐሴ እስከ ነሐሴ፣ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዝ መንገድ ለሚዘጋባቸው የወሎ ቀበሌዎች ነው፤ በተለይ ድልድይ ጀምረው መሠረቱ ላይ ለቀሩ ወይም ሠርተው በሁለተኛው ክረምት ላጡ ኮሚቴዎች። የምንነጋገረው በሁለት ዳር ታስሮ በብረት ገመድ ላይ ስለሚንጠለጠለው፣ ሰውንና የተጫነ አህያን ስለሚያሻግረው ድልድይ ነው። ካየኋቸው የተበላሹ ድልድዮች መካከል ገመዱ ተበጥሶ የወደቀ አላጋጠመኝም። ወይ ዳርቻው ተሸርሽሯል፣ ወይ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ እዚህ ላይ ከገመዱ ይልቅ ስለ ዳርቻውና ስለ ኮሚቴው የምጽፈው ይበዛል።

ንድፉን የሚሠራውም የሚፈርምበትም መሐንዲስ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች መሐንዲሱ የሚላችሁን ለመረዳትና ለመጠየቅ ተጠቀሙባቸው፤ በእነሱ ብቻ አንድ ጉድጓድ እንኳ አትቆፍሩ። መሐንዲስ ከወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ካልተገኘ ወደ ዞን ሂዱ፣ ወይም ኮምቦልቻ ላለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደብዳቤ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ወንዙን በነሐሴ እዩት

አብዛኛው ኮሚቴ ቦታ የሚመርጠው በጥር ነው፤ ስብሰባው የሚመቸው ያኔ ነውና። በጥር ደግሞ ወንዙ የበግ ግልገል የሚሻገረው ነው፣ የትም ቦታ ጥሩ ይመስላል። እናንተ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሥሩ።

1. ከእያንዳንዱ ዳር አንድ ወጣት መድቡ። ወንዙ በሞላ ቁጥር ውኃው የደረሰበትን ቋጥኝ ወይም ዛፍ በቀለም ምልክት ያድርግበት፣ ቀኑንም በደብተር ይጻፍ።

2. የሁለቱን ዳር ሽማግሌዎች ለየብቻ ጠይቁ። አንድ ላይ ከጠየቃችኋቸው የመጀመሪያው ተናጋሪ ያለው የሁሉም መልስ ይሆናል። “ትልቁ ጎርፍ የት ደረሰ?” ብላችሁ አትጀምሩ። “ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የማንን ማሳ ወሰደ? ከዋርካው በላይ ነው በታች?” ብላችሁ ጠይቁ።

3. በዛፎች መጋጠሚያ ላይ የተሰካ ጭራሮና አገዳ፣ በገደል ላይ የቀረ የደለል መስመር ፈልጉ።

በአንድ ቦታ ወንዶቹ በሙሉ አንድ ቋጥኝ አሳይተውን ልክ ልንይዝ ስንል፣ የውኃ ጀሪካናቸውን አውርደው ሲሰሙን የነበሩ አንዲት እናት “እሱማ የየዓመቱ ነው” አሉን። እየመሩ ወሰዱን። ከቋጥኙ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ በቆመ ወይራ መጋጠሚያ ላይ የደረቀ የማሽላ አገዳ ተሰክቶ ነበር። ቋጥኙን ይዘን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ያ ጎርፍ ሲደገም ወለሉ ከውኃ በታች ይውል ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ውኃ የሚቀዱትን ነው።

4. ሦስቱን መረጃዎች አነጻጽሩና ከፍተኛውን ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወሎ ሁለት ዓይነት ወንዝ አለው። ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት፣ እንደ ሚሌ፣ ቦርከና፣ አላውሃና ጎሊና ያሉት፣ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ቆላው ጠራራ ፀሐይ ላይ እያለ ድንገት ይሞላሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ስለሚከምሩ የወንዙ ወለል ራሱ ከዓመት ዓመት ከፍ ሊል ይችላል። ዛሬ በቂ የሆነ ከፍታ ከአሥር ዓመት በኋላ በቂ አይሆንም፤ በዚህ ዓይነት ወንዝ ላይ ከተለመደው የበለጠ ከፍታ እንዲሰጣችሁ መሐንዲሱን ወጥራችሁ ያዙት። ወደ በሽሎ በሚገቡት ገደላማ ወንዞች ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የሁለቱ ዳር ከፍታ አለመመጣጠን፣ ከላይ የሚናድ ድንጋይና ወደ ድልድዩ የሚያወርደው ቁልቁለት።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ምረጡ

ቢያንስ ሦስት ቦታ እጩ አድርጉ። አንድ ቦታ ብቻ ይዞ የሚመጣ ኮሚቴ መሐንዲሱ “አይሆንም” ሲለው ወይ ይጣላል ወይ ይበተናል።

በእያንዳንዱ እጩ ቦታ ላይ እነዚህን ተመልከቱ።

ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ይሁን። በመታጠፊያ ላይ የውጭው ዳር በየክረምቱ ይበላል፤ ያማረ ቢመስልም ተዉት።

የሁለቱ ዳር ከፍታ ይቀራረብ። ልዩነቱ ከድልድዩ ርዝመት ከ25 አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ60 ሜትር 2.4 ሜትር ማለት ነው። ርዝመቱን በገመድ መለካት ትችላላችሁ፣ ከፍታውን ግን መሐንዲሱ በመሣሪያ ይውሰድ። በሸለቆ ላይ ዓይን ያታልላል።

መሠረቱ ከጫፍ ይራቅ። አፈር ከሆነ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ጽኑ አለት ከሆነ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ከወንዙ ግርጌ ተነስታችሁ 10 ሜትር ወደ ኋላ ስትሄዱ 7 ሜትር ከፍ የሚል መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ፤ በአፈር ዳርቻ ላይ መሠረቱ ከዚህ መስመር በስተኋላ መዋል አለበት። ከመስመሩ ፊት ያለው አፈር አንድ ቀን ወደ ወንዙ ሊወርድ የሚችል ነው።

የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ። በየዳሩ አንድ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት። ዋልካ ከወጣ ለመሐንዲሱ ሳትነግሩ አትቀጥሉ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትንም ግንብ አብሮ ይሰነጥቃል። ውኃ ከመነጨ ጥልቀቱን ጻፉ።

ከፍታው ይበቃል ወይ? ለማወቅ እንዲህ አስሉ። ድልድዩ 60 ሜትር ቢሆን ወለሉ መሐሉ ላይ የሚረግበው ከርዝመቱ ከ20 አንድ እጅ፣ ማለትም 3 ሜትር ነው። ከመሐሉ እስከ ከፍተኛው ጎርፍ ደግሞ ቢያንስ 3 ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ የሚመጣ ውኃ ወለሉን እንዳይነካ። ስለዚህ ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ ከጎርፉ ምልክት 6 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ዳርቻው 4 ሜትር ብቻ ከሆነ ቀሪው 2 ሜትር በግንብ ይሞላል። ከዚያ በላይ ግንብ የሚጠይቅ ከሆነ ሲሚንቶው ያስመርራችኋል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ወንዙ ጠባብ ከሆነ፣ ከ15 ሜትር ካነሰ፣ የብረት ገመድ አታስቡ። በጥሩ ግንበኛ የተሠራ የድንጋይ ቅስት ድልድይ ይሻላችኋል፣ ጥገናውም ይቀላል።

ስህተት ሲፈጠር፦ ሁሉም ድልድዩ በደጁ እንዲሆን ይፈልጋል። ጭቅጭቁ ሲነሳ በመሬት ውበት አትከራከሩ። ከየመንደሩ እስከ ገበያው፣ እስከ ትምህርት ቤቱና እስከ ጤና ጣቢያው በእግር የሚወስደውን ጊዜ በየእጩ ቦታው ለኩና በአደባባይ አንብቡት። ያም ካልሰራ ሽማግሌዎችን አስገቡ፤ አባጋር (በባህሉ የሚያስታርቅ ሽማግሌ) ባለበት አካባቢ አባጋሮቹን። ሰው ከለመደው መሻገሪያ ብዙ የሚያርቅ ቦታ ግን በስምምነትም ቢሆን አትምረጡ። ድልድዩን እያየ በውኃው የሚሻገር ሰው ታያላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን ዳር አስማሙ (መስከረምና ጥቅምት)

ይህን ደረጃ ዘለው ድንጋይ የሚለቅሙ አሉ። ድንጋዩ ተከምሮ ይቀራል።

1. ኮሚቴውን ከሁለቱ ዳር እኩል አዋቅሩ። አራት ከዚህ፣ አራት ከዚያ። ሰብሳቢው ከአንዱ ዳር ከሆነ ገንዘብ ያዡ ከሌላው ይሁን። ሴቶች ስም ለማሟላት ሳይሆን በፈራሚነት ይግቡ።

2. አዲስ ማኅበር ከመፍጠር በቅሬው፣ ማለትም በእድሩ፣ ሥሩ። የስም ዝርዝሩ አለ፣ ዳኛው አለ፣ የቀረ ሰው እንደሚቀጣ ሁሉም ያውቃል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። እኔ ያለ ቅሬ የተጀመረ የጉልበት መዋጮ ከሦስተኛው ሳምንት ሲያልፍ አላየሁም።

3. ወንዙ ሁለት ወረዳ የሚያዋስን ከሆነ ከሁለቱም ደብዳቤ ያዙ። የአንዱን ብቻ ይዛችሁ ከጀመራችሁ ጥገና ሲያስፈልግ ሁለቱም “የእነሱ ነው” ይላሉ።

4. መሠረቱ የሚያርፍበትን ማሳ ባለቤት ስምምነት በጽሑፍ አድርጉ፤ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ፊት፣ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ተገናዝቦ። የሚተካለት መሬት ወይም ካሣ ካለ ቁጥሩ ይጻፍ። አባት በቃል የፈቀደውን ልጅ ሲወርስ ያጥረዋል።

5. በቅርብ ባለ ባንክ፣ ለምሳሌ ጸደይ ባንክ ቅርንጫፍ ካለ በዚያ፣ በኮሚቴው ስም ሒሳብ ክፈቱ። ፈራሚ ሦስት፣ ከየዳሩ ቢያንስ አንድ። ወጪው በየወሩ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም በር ይነበብ።

6. የመተዳደሪያ ደንቡን አሁን ጻፉ፣ ድልድዩ ካለቀ በኋላ አይደለም። ቢያንስ ይህን ይያዝ፦ ዓመታዊ የጥገና መዋጮ ስንት ነው? ማን ይሰበስባል? ከብት በመንጋ ይሻገራል ወይስ አንድ በአንድ? የቀብር ሸኚ እንዴት ያልፋል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ቃሬዛ ተሸካሚውና ሸኚው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እርምጃ ሲገባ ድልድዩ ይወዛወዛል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ “ተራ ያዙ” የሚል ደፋር የለም። ስለዚህ የቅሬው ዳኛ የሚያስከብረው ሕግ አስቀድሞ ይኑር፦ ቃሬዛው ከተሸካሚዎቹ ጋር ብቻ ይለፍ፣ ሌላው በአሥር በአሥር ይከተል።

7. የሥራ ቀን ቁጠሩ። ከወሩ ላይ ጁምዓን፣ እሁድን፣ የገበያ ቀንን (ባቲ አካባቢ ሰኞ፣ ላሊበላ አካባቢ ቅዳሜ) እና የሚከበሩ የበዓል ቀናትን ቀንሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፋችሁ ከአሥራ ሦስት ቀን ብዙም አይበልጥም። ዕቅዳችሁን በ30 ቀን ሳይሆን በዚህ ቁጥር አውጡ።

የሴፍቲኔት ፕሮግራም ባለበት ወረዳ የድልድዩ የጉልበት ሥራ በሕዝብ ሥራ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ሥራው በጥር አካባቢ ስለሚጀመር ጥያቄያችሁ ቀድሞ፣ በመኸር ይድረስ።

በልግን አትርሱ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ “እስከ ሰኔ ደረቅ ነው” ብሎ ያቅዳል። የወሎ ደጋ በየካቲትና በመጋቢት ይዘንብበታል፣ ገበሬውም የበልግ እርሻ ላይ ነው። በልግ አብቃይ ከሆናችሁ ቁፋሮውንና መሠረቱን በታኅሣሥ አጋማሽና በጥር ጨርሱ።

ደረጃ 4፦ ቁሳቁስ አሰባስቡ (ኅዳርና ታኅሣሥ)

አጨዳ ላይ ስለሆናችሁ ከባድ ሥራ አትጥሩ። ድንጋይና አሸዋ ብቻ።

ድንጋይ፦ በመዶሻ ሲመታ የሚጮህ ጥቁር ድንጋይ ይሁን። ድፍን ድምፅ የሚሰጠውንና በጥፍር የሚፈረፈረውን ጣሉ። የወንዝ ድብልብል ድንጋይ ሳይፈለጥ ግንብ ውስጥ አይግባ፤ ሲሚንቶው አይይዘውም።

አሸዋ፦ በላስቲክ ጠርሙስ ፈትኑ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውኃ ሙሉበት፣ በደንብ ናጡትና እስከ ማግስቱ አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው የጭቃ ንጣፍ ከአሸዋው ውፍረት ከ100 እጅ 6 ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይቀየር።

ሲሚንቶ፦ ሥራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዙ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር። ሦስት ወር የተቀመጠ ሲሚንቶ ጉልበቱን አጥቷል፤ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ ጓል ካለው ለመልሕቅ፣ ማለትም ገመዱን ዳር ላይ ለሚይዘው የተቀበረ ኮንክሪት፣ አትጠቀሙበት።

የብረት ገመድ፦ ዚንክ የተቀባ አዲስ ገመድ ግዙ። ያገለገለ ገመድ በልገሳ ከመጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁን የሚይዝ ቦታ ሁሉ የተበጠሰ ክር አለበት። የተጣጠፈ፣ የተጨፈለቀ ወይም ውስጡ የዛገ ገመድ በነፃም ቢሆን ይቅር። ሁለት አጭር ገመድ ቀጥሎ አንድ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም።

ገመዱን ከመኪናው መንገድ እስከ ወንዙ ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በሜትር 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መቶ ሜትሩ 260 ኪሎ ግራም። በአህያ አይጫን። ሰዎች በሰልፍ፣ በስምንት ሜትር ልዩነት፣ ሁሉም በአንድ ወገን ትከሻ ይሸከሙት። አንድ ሰው ያዚም፤ እርምጃው በዜማው ይሁን። አንዱ ቢደናቀፍ ሌላው ብቻውን አይጣል። “ጣል!” ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከትከሻው ወደ ውጭ፣ ወደ ቁልቁለቱ ወገን ይጣል። ይህን ከመነሣታችሁ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተለማመዱ። ገመዱ በድንጋይ ላይ አይጎተት፣ ከጥቅሉም በጎን አይሳብ፤ ጥቅሉን እንደ ጎማ እያንከባለላችሁ ፍቱት።

ደረጃ 5፦ መሠረትና መልሕቅ (ጥር)

ገመዶቹ ዳርቻውን ምን ያህል እንደሚስቡ ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ “ይህ ሁሉ ድንጋይ ለምን?” ትላላችሁ። ከ20 አንድ እጅ የረገበ ድልድይ በላዩ ካለው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ጎን ይስባል። አሥር ኩንታል ቢጫንበት ዳርቻው ሃያ አምስት ኩንታል ይሳባል። ይህን የሚይዘው የተቀበረው የመልሕቅ ኮንክሪትና በላዩ የተከመረው ግንብና ድንጋይ ክብደት ነው። ከንድፉ ላይ አንድ ጋሪ ድንጋይ አትቀንሱ።

1. ሲቆፈር አንድ ሰው ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ አይሁን። ከ1.5 ሜትር ካለፈ ግድግዳው ተዳፋት ይደረግ ወይም በእንጨት ይደገፍ። የወጣው አፈር ከአፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

2. ለልኬት ሳጥን አሠሩ። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ንድፉ አንድ ለሁለት ለአራት ካለ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ አራት ሳጥን ጠጠር። በአካፋ መቁጠር ክልክል ነው፤ የጧት አካፋና የዘጠኝ ሰዓት አካፋ እኩል አይደሉም።

3. ውኃ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ያነሰ። ሠራተኞች እንዲለሰልስላቸው ውኃ መጨመር ይወዳሉ። ውኃውን የሚለካ አንድ ሰው መድቡ፣ ከእሱ ሌላ ማንም አይጨምር።

4. የመልሕቁ ኮንክሪት በአንድ ቀን፣ ሳይቋረጥ ይሞላ። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጠጠሩና ሰው ሙሉ በሙሉ ቦታው ላይ ካልተገኙ አትጀምሩ።

5. ኮንክሪቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በገለባ ሸፍናችሁ ጧትና ማታ ውኃ አጠጡ፤ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ብትችሉ ለ14። ተረኛው በስም ይጻፍ፤ ጁምዓና እሁድም ይጠጣል።

6. ግንቡ ውስጡ በደረቅ ፍርስራሽ አይሞላ። ከውጭ አምሮ ከውስጥ ባዶ የሆነ ግንብ የግንበኞች የድሮ ማታለያ ነው። በየሰዓቱ አንድ የኮሚቴ አባል ይቁምበት።

7. የሚመለሰው አፈር በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሙላ። ከበላይ በኩል የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ቅደዱ።

ስህተት ሲፈጠር፦ ጉድጓዱ ውኃ ካመነጨ ውኃው ሳይቀዳ ኮንክሪት አትጨምሩ። ሲሞላ ዝናብ ከመጣ ወዲያው በላስቲክ ሸፍኑ፤ ሲሚንቶው የታጠበ ንጣፍ ካለ ይነሳ። በግድ ከተቋረጠ ፊቱን ሻካራ አድርጋችሁ ተዉትና መሐንዲሱ ሳያይ አትቀጥሉ። ቅርጽ ማውጫው ሲነሳ ድንጋዩ የሚታይበት ባዶ ቀዳዳ ከተገኘ በልስን አትሸፍኑት። መጀመሪያ ፎቶ አንሱና ላኩ።

ከዚህ በኋላ 28 ቀን ገመድ አይወጠርም። የወረዳው ባለሥልጣን የምረቃ ቀን ቢቆርጥም አይወጠርም።

ደረጃ 6፦ ገመዱን አሻግሩና ወጥሩ (መጋቢት)

1. መጀመሪያ ቀጭን የናይሎን ገመድ አሻግሩ፣ በሱ ወፈር ያለውን፣ በዚያ ደግሞ የብረት ገመዱን ሳቡ። በልግ ከዘነበ ሰው ወደ ወንዙ አይግባ፤ ውኃው እስኪጎድል ጠብቁ።

2. ቲርፎር በሚባለው የእጅ መወጠሪያ ወጥሩ። መወጠሪያውን ከሚያንቀሳቅሰው በቀር ከገመዱ ግራና ቀኝ፣ በተለይ ከኋላው፣ ማንም አይቁም። ልጆችን የሚያባርር ሰው መድቡ። የተወጠረ የብረት ገመድ ሲያመልጥ አይታይም።

3. እርግብታውን በዓይን መስመር ለኩ። ከሁለቱም ዳር የገመድ ማረፊያ በታች፣ መሐንዲሱ በሰጠው ልክ፣ ምልክት አድርጉ። አንዱ ከዚህ ምልክት ወደ ማዶው ምልክት ይመልከት፤ የገመዱ ዝቅተኛ ቦታ መስመሩን ሲነካ ልክ ነው። ይህ የመወጠሪያ ልክ ከመጨረሻው እርግብታ ያንሳል፤ ወለሉ ሲጫን ስለሚወርድ። ሁለቱን ልኮች ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው።

4. ሁሉም ገመድ እኩል ይርገብ። አንዱ ቢጠብቅ ሸክሙ ሁሉ የእሱ ይሆናል፣ ወለሉም ያዘነብላል። አሳድራችሁ በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳይሞቅ፣ እንደገና ለኩ።

5. አሁን ክላምፑን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ክላምፕ የገመዱን ጫፍ አጥብቆ የሚይዝ ብረት ነው፤ ሁለት አካል አለው፤ የተጣመመው ብሎንና ገመዱ የሚቀመጥበት ወፍራም ማረፊያ። ገመዱ መልሕቁን ዞሮ ሲመለስ ሁለት ክንድ ይሆናል፤ ሸክም የሚስበው ረጅሙ ክንድና ቁርጥ ጫፍ ያለው አጭሩ ክንድ። ማረፊያው በረጅሙ ላይ፣ የተጣመመው ብሎን በአጭሩ ላይ ይዋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት። አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ማፈራረቅ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ብሎኑ ሸክም የሚስበውን ገመድ እየነከሰ ያደክመዋል። በክላምፖቹ መካከል ቢያንስ የገመዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ ይኑር፤ ለ26 ሚሊ ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር ያህል። በዚህ ውፍረት ከአምስት ያነሰ ክላምፕ ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

6. ዳዶዎቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ገመዱ ሲሳብ ስለሚቀጥን ዳዶው በራሱ ይላላል፦ ከውጥረቱ በኋላ፣ ወለሉ ካለቀ በኋላና ከወር በኋላ እንደገና አጥብቁ። በየክላምፑ አጠገብ በገመዱ ላይ የቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ ከክላምፑ ከራቀ ገመዱ እየተንሸራተተ ነው፤ ያን ቀን ድልድዩን ዝጉ።

ደረጃ 7፦ ወለልና መከላከያ (ሚያዝያ)

ተንጠልጣይ ብረቶቹንና መስቀለኛ ድጋፎቹን ከሁለቱም ዳር ወደ መሐል እኩል እየገፋችሁ ሥሩ። ከአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ገመዱ ይጎብጣል። የሚሠራው ሰው በወገቡ መታጠቂያ ታስሮ፣ መታጠቂያውም በእጀታው ገመድ (ተሻጋሪው በእጁ በሚይዘው የላይኛው ገመድ) ላይ ተንጠልጥሎ ይሥራ።

ጣውላው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የደረቀ ይሁን። ትኩስ ባሕር ዛፍ በሦስት ወር ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ይነቅላል። በቆላው ምስጥ አለ፤ ጫፎቹ አፈር እንዳይነኩ፣ የተቃጠለ ዘይት ከታችና ከጫፍ ብቻ ቀቡ። ከላይ ከቀባችሁት በመጀመሪያው ዝናብ ሰው ይንሸራተታል።

በጣውላዎች መካከል ያለው ክፍተት ከትንሽ ጣት አይብለጥ። ልኩን የምታውቁት በፍየል ነው፤ የፍየል ሰኮና ከገባበት ሰፊ ነው። አህያ አንድ ጊዜ እግሯ ከተያዘ ደግማ አትረግጠውም፣ ባለቤቷም እንደገና በውኃው መሻገር ይጀምራል። ግራና ቀኙ እስከ ደረት ድረስ በሽቦ መረብ ይዘጋ፣ ከታችም ከወለሉ ጋር ይታሰር፤ ትንሽ ልጅ የሚሾልከው ከታች ነው።

ደረጃ 8፦ ሙከራና መክፈት (ግንቦት)

መሐንዲሱ ባለበት፣ በአሸዋ በተሞሉ ማዳበሪያ ከረጢቶች፣ ከዳር ወደ መሐል በደረጃ ጫኑ። በየደረጃው የመልሕቁን ግንብ ስንጥቅ፣ የክላምፑን የቀለም መስመር፣ የወለሉን ዝንባሌ እዩ። አንዱ ከተነቃነቀ አውርዱ።

የምርቃቱን ቀን ፍሩ። ዱዓው፣ ምርቃቱ፣ ሆታው ሁሉ በዳር ይሁን። ሰው ድልድዩ መሐል ላይ ቆሞ እየዘለለ ከጨፈረ የዓመቱ ሁሉ ሸክም በአንድ ቀን መጣ ማለት ነው። በየዳሩ ሁለት ጠንካራ ሰው ይቁም፤ በአሥር በአሥር ያሳልፍ። በአማርኛና በአካባቢው በሚነገረው ሌላ ቋንቋ “አትሩጡ፣ አትዝለሉ፣ ከብት አንድ በአንድ” የሚል ሰሌዳ ስቀሉ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ክረምት

ተቆጣጣሪ ሁለት ሰው ምረጡ፣ ከየዳሩ አንድ፣ ከጥገና መዋጮው የሚከፈላቸው። በነፃ የሚሠራ ተቆጣጣሪ እስከ ሐምሌ ነው የሚቆየው።

በሰኔ፣ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት፦ ቦዩን ጥረጉ፣ ክላምፖቹን አጥብቁ፣ የላሉ ጣውላዎችን ቸንክሩ።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ ማግስት፦ የሁለቱን ዳር ግርጌ ተመልከቱ። አፈሩ የተቦረቦረ ከመሰለ በረጅም ብረት ወጉት፤ ዘልቆ ከገባ ዳርቻው ከሥር ባዶ እየሆነ ነው። ድልድዩን ዝጉ፣ ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ውኃው ሲጎድል በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይጠበቅ። ድንጋይ ዝም ብሎ መወርወር ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መወርወር ነው።

ውኃው ወለሉን ሊነካ ከተቃረበ፦ ከሁለቱም ዳር በገመድ ዝጉና ራቁ። የተሰካ ግንድ ለማስለቀቅ ማንም አይግባ። ውኃው ሲወርድ፣ ከመክፈታችሁ በፊት፣ የጎርፉን አዲስ ምልክት በደብተሩ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መሐንዲሱ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የብሎን መፍቻው ሁለት ይሁን፣ በየዳሩ አንድ። ወንዙ ሲሞላ ማዶ ያለው መፍቻ አይመጣም።